ማርሽ የሚፈልግ እግር

ይሄነው ኪዳነ ማርያም የተበላሸ ሞተር ሳይክል ሲመጣለት ወዲያው አይነካውም። መጀመሪያ ባለቤቱን ከጋራዡ በር አጠገብ ባለው አሮጌ ጎማ ላይ ያስቀምጥና እጁን በጨርቅ እየጠረገ «እስቲ በአፍህ አሰማኝ» ይላል።

«ምኑን?»

«ድምፁን ነዋ። ሲበላሽ ምን ይላል?»

መካነ ሰላም ውስጥ ሞተር የሚነዳ ሰው ሁሉ ይህን ፈተና አልፏል። ልጅ ድረው የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች በገበያ ቀን፣ በሰው ፊት፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ጥርርር... ቋ!» ሲሉ ሰምቻለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ፖሊስ ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠና እንደ በግ አስነጠሰ።

«ሁለተኛ ማርሽ ላስገባ ስል እንዲህ ነው የሚለኝ» አለ።

«በደንብ አድርገው እንጂ። ያስላል ወይስ ያስነጥሳል?»

«ያስነጥሳል።»

«እንግዲያው ፍሪሲዮኑ ነው፤ ሽቦው ላልቷል። ቢያስል ነበር የሚያስፈራኝ።»

ሰው ይስቃል፤ ይሄነው ግን አይስቅም። ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያዳምጠው። ከጡረታ ወዲህ ከሰዓት በኋላውን እዚያው ደጃፍ ስለማሳልፍ፣ ቤቴም ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ያን ፊቱን አውቀዋለሁ። አባቱ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ተማሪ ሲያስዜሙ እንዲህ ያለ ፊት ነበራቸው። የዜማ መምህር ነበሩ፤ የሚሳሳተውን ልጅ ገና ሳይሳሳት፣ ትንፋሹን ሲስብ ያውቁታል ይባል ነበር። ይሄነው ጆሮውን የወረሰው ከሳቸው ነው፤ ጉሮሮውን ግን አልወረሰም። ድምፁ በጎረመሰበት ዓመት እንደ ተሰነጠቀ ጋን ሆኖ ቀረ። ከዜማ ቤቱ ወጥቶ ደሴ ወረደ፤ ጋራዥ ለጋራዥ ተንከራቶ ሙያ ይዞ ተመለሰ። መሪጌታ እስኪሞቱ ድረስ ሰው ስለ ልጃቸው ሲጠይቃቸው «እሱማ ብረት ያስቀድሳል» ይሉ ነበር። ቀልድ ይሁን ኀዘን እስካሁን አልለየሁትም።

ስለ ይሄነው ልጽፍ የተነሣሁት ግን ጥላሁን ከሞተ ወዲህ በሆነው ነገር ነው።

ጥላሁን የእንስሳት ሐኪም ነበር። በቀይ ሞተሩ ከቀበሌ ቀበሌ እየዞረ ከብት ይከትባል። ገበሬዎቹ «የጥላሁንን ሞተር በሬዎቻችን ከኛ ቀድመው ይሰሙታል፤ ሰምተው ጓሮ ይገባሉ» እያሉ ይስቁበት ነበር፤ እሱም ይስቅ ነበር። ከዚያ አንድያ ልጁ ሉሊት ታማ ሞተችበት፤ መሳቁንም ተወ። ሥራውን አላጓደለም፤ ሞተሩንም አላቆመም፤ ሰው ሰላም ሲለው ግን መልሱ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። አንድ ቀን ጠላ ቤት ተቀምጦ «እኔስ ደክሞኛል፤ ማረፍ ነው የምፈልገው» አለ። እንዲህ የማይል ማን አለ? ያን ዕለት ሰምቶ ያለፈው ሰው ሁሉ ኋላ አስታወሰው።

የሞተው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጉም ባለበት ጠዋት፣ ወደ ቆላው በሚወርደው የኮረት መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ዳር ባለው ኮሶ ዛፍ ስም የኮሶው መታጠፊያ የሚሉት ቦታ አለ። እዚያ ሳይታጠፍ ቀርቶ ገደል ገባ። ያየችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ሰብሌ የምትባል ባሏ የሞተባት ገበሬ፣ ከመንገዱ በላይ ገብሷን እያረመች ነበር። መጀመሪያ ለደረሱት ሰዎች የተናገረችው ይህን ያህል ነው፦ «ሞተሩ ከመታጠፊያው በፊት ዝም አለ። ከዚያ ሰውዬው ዝም እንዳለ ሄደ።»

ከተማ ሲደርስ ወሬው ሌላ ሆነ። ጥላሁን ሞተሩን በገዛ እጁ አጥፍቶ ገደል ገባ ተባለ።

ራሱን ለገደለ ሰው ፍትሐት የለም። የደብሩ አለቃ አባ ተክለ ሃይማኖት ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሰውም ይጨቀጭቃቸው ነበር። «አላወቅንም፤ እስክናውቅ እንቆይ» አሉ። ጥላሁን ካህን ሳይፈታው፣ በሹክሹክታ ተቀበረ። አስቻለች የምትባለው ሚስቱ ስታለቅስ እንኳ ሰው እያያት እንደሚመዝናት ታውቅ ነበር።

ለሠልስቱ ለቅሶ አጎቱ አያ አበጋዝ ሞተሩን አወጡት። በዚህ አገር የወንድ ልጅ ለቅሶ ሲሆን ፈረሱ ጌጡን እንደ ለበሰ በለቀስተኛው መሐል ይሳባል። ጥላሁን ፈረስ አልነበረውም። ቀዩን ሞተር ከገደል አስወጥተው፣ አጥበው፣ ነጭ ካፖርቱን መሪው ላይ አልብሰው፣ የክትባት ሳጥኑን ከኋላ አስረው፣ በሁለት ሰው እያስገፉ በለቅሶው ሜዳ ዙሪያ አዞሩት። ሴቶቹ ካፖርቱን ሲያዩ ጮኹ። ብዙ ለቅሶ አይቻለሁ፤ እጅጌው በነፋስ ሲነሣ ግን ፊቴን አዞርሁ።

ከለቅሶው በኋላ ሽማግሌዎቹ ይሄነውን ጠሩት። ሞተሩ ጥፋት ካለበት ጥላሁን ንጹሕ ነው፤ ከሌለበት ግን እንግዲህ። ይሄነው መጣ፤ ፍሬኑን ያዘው፤ ያዘለት። መብራቱን አየ፤ አዲስ ነበር፤ ለለቅሶው ጌጥ የተደረገ መሰለን። ተቀመጠበትና ሜዳውን ዞረው፤ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ማርሹ ያለ ምንም ኮሽታ ገባለት፤ እንደዚያው ወጣለት። ወረደና «ምንም የለበትም» አለ።

እውነቱን ነበር። ያየውን ነው የተናገረው። ቃሉ ግን እንደ ወጣ ሥራውን መሥራት ጀመረ።

አስቻለች ጋራዡ ድረስ መጣች። ፀጉሯን ተላጭታለች፤ ጥቁር ነጠላዋ ከግንባሯ ላይ እየተንሸራተተ ነበር። ጎማው ላይ ቁጭ በይ ብንላት እምቢ አለች።

«ይሄነው፣ ምንም የለበትም ያልኸው ሞተሩን ነው ወይስ ባሌን?»

«ሞተሩን ነው፣ እህቴ።»

«ሰው እንዲያ አልሰማህማ። አርባው እየመጣ ነው። ያለ ፍትሐት ምን ተዝካር አለ? ሰው ጠርቶ ማብላት ብቻ።» ነጠላዋን መለሰች። «ሉሊት የተቀበረችው ከሱ አጠገብ ነው። የሷን መቃብር ካህን አጥኖታል። የሱን ሲዘሉት ልጄ ምን ትላለች እያልሁ ነው የማድረው።»

ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ይሄነው አልረጋም። ሥራ ላይ እንዳለ ቀና ይልና ወደ ላይኛው መንገድ ያያል። «ምንድን ነው?» ስለው «የሚመጣ ሞተር ነበር፤ ዝም አለ» ይለኛል። በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ ሰዎች፣ የምንሰማውን ሁሉ የሚያሰማን ነገር በውጭ የግድ እንደማይኖር አጥብቀው አስረድተውኛል። እኔም ለብዙ ተማሪ አስረድቻለሁ። ስለዚህ ኀዘን ነው፣ ድካም ነው አልሁ። አንድ ከሰዓት ግን ጉሙ እስከ ጋራዡ በር ወርዶ ሳለ፣ አንድ ሞተር ከላይ ሲወርድ እኔም ሰማሁ። እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣ። በሩ ጋ ሊደርስ ሲል ድምፁ ጠፋ። ሁለታችንም ቀና አልን። ጉሙ ብቻ ነበር። የሚቆም ጎማ፣ የሚወርድ ሰው፣ ምንም አልነበረም።

ይሄነው ሳያየኝ «ጋሼ፣ ባለቤቱ በአፉ ሳያሰማኝ የመረመርሁት ሞተር ያ ብቻ ነው» አለ።

«ባለቤቱማ የለም።»

«ድምፁን የሰማ ሰው አለ።»

በማግሥቱ በሱ ሞተር ከኋላው ተፈናጥጬ ወረድን። ለምን እንደ ወሰደኝ አልነገረኝም፤ ምስክር የፈለገ ይመስለኛል። የኮሶው መታጠፊያ ስንደርስ ሞተሩን አቆመና ከዚያ በላይ ያለውን ዳገት በእግራችን ወጣን። ሰብሌ ገብስ እያጨደች ነበር። ማጭዷን አላስቀመጠችም።

«ደግሞ መጣችሁ? ምላሴን በዚች ቆርጬ ብጥላት ነበር የሚሻለኝ። አንድ ቃል ተናገርሁ፣ ያን ምስኪን ሁለተኛ ገደልሁት።»

«እህት ዓለም፣ ቃል አልፈልግም» አለ ይሄነው። «ድምፅ ነው የምፈልገው። እዚህ ሆነሽ የሰማሽውን በአፍሽ አሰሚኝ።»

«እንዴት አድርጌ?»

«ልክ እንደ ሞተሩ።»

«አቤት! በስተርጅና እንደ ሞተር ላጓራ? ጋሼ፣ ይሄ ሰው ጤነኛ ነው?» አለችና ወደኔ ዞረች።

«ከተማው ሁሉ አጓርቶለታል» አልኋት። «ፖሊሱ እንኳ።»

በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ከዚያ ሳቋ በአንድ ጊዜ ከፊቷ ወረደ። ወደ መንገዱ ዞራ፣ ጀርባዋን ሰጥታን፣ ጀመረች፦ «እንእንእንእን...» ዝቅ ያለ፣ የታፈነ፣ ቁልቁለት የሚይዝ ሞተር ድምፅ ነበር። ይሄነው ዓይኑን ጨፈነ። ድምፁ እየወረደ፣ እየወረደ መጣና ቁርጥ አለ። ዝም አለች። ያበቃ መስሎኝ ልናገር ስል ይሄነው እጄን ያዘኝ። ከዝምታው ውስጥ፣ በምላሷ ጫፍ፣

«ቀጭ» አለች። «ቀጭ ቀጭ። ቀጭ።»

ከዚያ በኋላ በእውነት ዝም አለች።

«ይሄ መጨረሻ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለ ይሄነው።

«ብረት ነዋ። ማረሻ ድንጋይ ሲመታ እንደሚለው ዓይነት።»

«ለሽማግሌዎቹ ነግረሻቸዋል?»

«ማን ጠየቀኝ? ዝም አለ ወይ አሉኝ፤ ዝም አለ አልኋቸው።»

«እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገመችለት። እንደገና ሲጠይቃት ግን ቀጭታው ላይ ስትደርስ አለቀሰች። የሞተ ሰው እግር በሕያው ሰው አፍ ውስጥ ሲራመድ መስማቴን ያን ጊዜ ገና አላወቅሁም።

ይሄነው ታጭዶ በተከመረው ገብስ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ለሷም ለኔም የገባን ቀስ ብሎ ሲያስረዳን ነው። ቁልቁለት ላይ ሞተር ሳይክልን የሚይዘው ፍሬን ብቻ አይደለም፤ ማርሹም ነው። ያ የታፈነ ድምፅ ማርሹ ጎማውን ሲይዘው ነው። ማርሹ ከቦታው ቢወጣ ሞተሩ አይጠፋም፤ ሥራ ፈትቶ ያንጎራጉራል፤ ከሩቅ ለሚሰማው ሰው ግን የጠፋ ይመስላል። ጎማው በነጻ ይለቀቃል። ነጂው ያን ጊዜ በግራ እግሩ የማርሹን መርገጫ እየመታ ማርሽ ይፈልጋል። የብረት ቀጭታ ደግሞ ሹል ስለሆነ ርቆ ይሰማል።

«ሞተሩን ራሱ ያጠፋ ሰው ማርሽ ምን ያደርግለታል?» አለ። «ጥላሁን ማርሽ እየፈለገ ነበር።»

ሰብሌ ማጭዷን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ግን አንተው ምንም የለበትም ብለሃል» አልሁት።

«ብያለሁ» አለ።

ቀዩ ሞተር አስቻለች ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሞ ነበር። ይሄነው ሸራውን ሲገልጥ አስቻለች በር ላይ ቆማ አየችን፤ አልጠየቀችንም። መጀመሪያ የካምቢዮውን፣ የማርሹን ቤት፣ ዘይት አፈሰሰው። የወረደው ዘይት እንደ ማር የጠራ ነበር። ጣቱን ነክሮ አሸተተው። «ይሄ አገር ለአገር የዞረ ዘይት አይደለም» አለ ለራሱ። ከዚያ የጎኑን ክዳን ቡሎኖች አንድ በአንድ ፈታ። ውስጡ በዓመታት ሥራ የጠቆረ ብረት ነው። ከዚያ ጥቁረት መሐል አንዲት ጠምዛዛ ሞላ፣ የማርሹን መርገጫ ተረግጦ ሲለቀቅ ወደ ቦታው የምትመልሰው፣ እንደ አዲስ ጥርስ ታበራለች።

ይሄነው አልነካትም። «ይቺ ከዚህ ቤት አይደለችም» አለ። «አስቻለች፣ ሞተሩን ከኔ በፊት የከፈተው ማነው?»

አያ አበጋዝ ተጠሩ። ዱላቸውን እየተመረኮዙ ገቡ። በጉብዝናቸው የታወቁ ፈረሰኛ ነበሩ፤ አሁንም ሲቀመጡ እግራቸውን ከፈት አድርገው ነው። «ምነው ገነጣጠላችሁት?» አሉ።

«አያ አበጋዝ፣ ከለቅሶው በፊት ሞተሩን ያስነኩት እርስዎ ነዎት?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ኖሯል! አቀስታ ድረስ በጭነት መኪና ወስጄ አሠራሁት። የማርሹ እግር እንደ ተሰበረ የዶሮ ክንፍ ተንጠልጥሎ አገኘሁት፤ ብትነካው ይወዛወዛል እንጂ አይመለስም። ውስጡ ያለ ሞላ ተቆርጧል ብሎ ቀየረልኝ ሠሪው። መብራቱንም፣ መስታወቱንም አስቀየርሁ። አሳጠብሁት።»

ይሄነው ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። «ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?» ሽማግሌው ተቆጡ። «ደግሞስ ምን አጠፋሁ? አንካሳ ፈረስ ለለቅሶ ሲወጣ አይተህ ታውቃለህ? የወንድሜን ልጅ መቀመጫ እግሩን እያንጠለጠልሁ በሰው ፊት ልጎትት? ጠላቱ ይሳቅበት?»

ከኛ ፊት ላይ ነገሩን እያነበቡት ሄዱ። አፋቸው ተከፈተ። ዱላቸው ወደቀ፤ አላነሡትም።

«እኔ ነኛ» አሉ። «አሳምሬ ያወጣሁት እኔ ነኝ የወነጀልሁት?»

አስቻለች ሄዳ ዱላውን አነሣችላቸውና እጃቸው ላይ አስያዘቻቸው። «አብሽሩ፣ አያ» አለች። «ያከበሩት መስሎዎት ነው።»

ይሄነው አቀስታ ያለውን ሠሪ በስልክ ጠየቀው። ሰውየው አስታወሰ፤ ሞላዋ ሁለት ቦታ ተቆርጣ ነበር፤ ጥሏታል። በመውደቅ ትቆረጥ ነበር ወይ አልሁ እኔ። «ክዳኑ ሳይሰበር ውስጥ ያለ ሞላ በመውደቅ አይቆረጥም» አለኝ ይሄነው። «ሲረገጥ፣ ሲለቀቅ፣ ሲረገጥ ኖሮ ነው የሚቆረጥ። ማርሽ ሲቀየር ከተቆረጠ መርገጫው አይመለስም፤ ማርሽ ቢፈልጉት አይገባም። ብረትም ይደክማል።»

አባ ተክለ ሃይማኖትን ያገኘናቸው ከቅዳሴ በኋላ ከደጀ ሰላሙ በር ላይ ነው። ይሄነው ሁሉንም አንድ በአንድ ነገራቸው፤ የሰብሌን ድምፅ ሳይቀር በተሰነጠቀ ጉሮሮው እየደገመ። አባ መስቀላቸውን በእጃቸው እያገላበጡ ሰሙት። ሲጨርስ ፊታቸው ፈካ።

«እንግዲያውስ ተፈታ» አሉ።

«አባ፣ አንድ ነገር ቀርቷል» አለ ይሄነው።

እኔ በልቤ ተወው አልሁት። ተወው፣ በቃ፣ ደርሰናል። አልተወውም።

«የሞተር ማርሽ በግራ እግር ነው። የኋላው ፍሬን በቀኝ ነው። የግራ እግሩን አግኝቼዋለሁ፤ ማርሽ ይፈልግ ነበር። የቀኝ እግሩን ግን አላገኘሁትም። ሰብሌ ጎማ ኮረት ላይ ሲፋቅ አልሰማችም። ርቀቱ ይሁን፣ ጉሙ ይሁን፣ ወይስ... ምናልባት መጀመሪያ ፈለገ። ምናልባት ሲያጣው ተወው። ይህን አላውቅም።»

አንዲት ሴት መጥታ መስቀል ተሳልማ ሄደች።

«ልጄ፣ የግራውን አምጥተኸዋል» አሉ አባ። «የቀኙን ለሚያውቀው ተውለት። ፍትሐት እኮ ምሕረት መለመኛ ነው። ሁሉን ካወቅን ኋላማ ምን እንለምናለን?» ጥቂት አሰቡና «ይህን ለሚስቱ ነግረሃታል?» አሉት።

«አልነገርኋትም።»

«እንግዲህ አንተው ያዘው።»

ለአርባው ጥላሁን ተፈታ። ካህናቱ ቆመው አዜሙለት፤ መቃብሩ ታጠነ፤ ዕጣኑ ከሉሊት መቃብር ወደሱ፣ ከሱ ወደሷ ሲዞር አስቻለች ለመጀመሪያ ጊዜ ማን ያየኛል ብላ ሳትጨነቅ አለቀሰች። ሰብሌ ከቆላው መንገድ ድረስ መጥታ ከሴቶቹ መሐል ነበረች። አያ አበጋዝ ከሩቅ ቆሙ፤ ግቡ ብንላቸው እምቢ አሉ። ይሄነው ባዶ እግሩን ከሚያዜሙት ካህናት ኋላ ቆሟል። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ዜማውን እየተከተለ ነው ወይስ ሌላ ድምፅ እየደገመ ነው፣ ከቆምሁበት ሆኜ አልለየሁትም።

ሞተሩን የሚነዳው ሰው አልተገኘም። አስቻለች ግቢዋ ውስጥ ልታየው ስላልቻለች ይሄነው ጋራዡ ጥግ ላይ ሸራ አልብሶ አቆመው። እንዳይዝግ አልፎ አልፎ ያስነሣውና ማርሹን ያስገባል፣ ያወጣል። ይገባል፣ ይወጣል። ምንም የለበትም።

ሥራው እንደ ድሮው ነው። ሰው ጎማው ላይ ይቀመጣል፣ በአፉ ያጓራል፣ ተመልካች ይስቃል። ማርሽ አልይዝ ያለው ሰው ሲመጣ ብቻ፣ በቀላሉ በሽቦ የሚጠገን ቢሆንም፣ ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን ሳያይ አይለቀውም። ባለቤቶቹ ያጉረመርማሉ፤ እሱ አይሰማቸውም። ቁልቁል የሚወርድ ሞተር ሁሉ፣ ከአንዱ ማርሽ ወደ ሌላው ሲሻገር ለቅጽበት ድምፁ ዝቅ በሚልበት ጊዜ፣ የይሄነው እጅ ካለበት ይቆማል። ቀጣዩ ማርሽ ገብቶ ድምፁ ሲመለስ እጁም ይመለሳል። እኔንም አስለመደኝ። ሳላስበው ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ።

ጉም በሚወርድበት ከሰዓት ደግሞ፣ ድምፁ የማይመለስ ሞተር አለ።

«ሰሙት፣ ጋሼ?»

«ጉም ነው» እለዋለሁ።

«ጉም ማርሽ አይፈልግም» ይለኛል። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ላይኛው መንገድ ያያል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ያዳምጣል።